የአሮጌ ዲኤክስ የኋላ እግር ድምፅ፦ በደብረ ማርቆስ ከአንድ ጋራዥ ስላገኘሁት አገልግሎት

በደብረ ማርቆስ የምጠቀምባት መኪና ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የተሠራች፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ኃይሏ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከኋላ እግሯ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከአካሏ ጋር ከሚያያይዘው ክፍል፣ ሁለት ዓይነት ድምፅ ማሰማት ጀመረች። አንደኛው ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስሄድ የሚሰማ፣ ጣሳ ውስጥ የተጨመረ ጠጠር ሲንቀጠቀጥ እንደሚሰማው ያለ «ኳ ኳ» የሚል ደረቅ ምት ነበር። ሁለተኛው ከመንገድ ወደ ግቢ ሳስገባት፣ አንዱ የኋላ ጎማ ከሌላው ቀድሞ ደፉን ሲወጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ድው» ብሎ የሚቆም ወፍራም ድምፅ ነው። ሁለቱ የተለያየ ምክንያት እንዳላቸው ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ባውቅ ኖሮ ከአራት ወር መጉላላት እና ከብዙ ወጪ እድን ነበር። በጎጃም ከተሞች እንደ እኔ አሮጌ መኪና ይዘው ከጋራዥ ጋራዥ የሚዞሩ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ፣ በመጨረሻ ድምፁን ያገኘልኝ ጋራዥ ሥራውን እንዴት እንደሠራ በዝርዝር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ስሙን ወደማልጠቅሰው ሌላ ጋራዥ ነበር። የተቀበለኝ መካኒክ የኋላ ፓራውልቷን በእጁ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርጎ «ሾካብዞርበሩ ሞቷል» አለኝ። አልተከራከርኩም። ግራና ቀኙን አዲስ አስገዝቶ ቀየረ፤ ለዕቃው ብቻ 9,000 ብር ከፈልኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ድምፁ ቀነስ ብሎ ቆየና ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። መልሼ ብወስዳት ያገኘሁት መልስ «አሮጌ መኪና እኮ ናት፤ ድምፅማ አታጣም» የሚል ነበር። ይህን መልስ እስከ ዛሬ ልቀበለው አልቻልኩም። መኪና የምትጮኸው ዕድሜዋ ስለገፋ ሳይሆን በሁለት ብረቶች መካከል መኖር የነበረበት ጎማ ስላለቀ፣ ወይም መጥበቅ የነበረበት ዳዶ ስለላላ ነው። ይህን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የመካኒኩ ሥራ ነው።

አሁን የምመሰክርለት ጋራዥ ከከተማው ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወጣው አስፋልት ዳር፣ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው። በሩ ላይ ታፔላ የለም፤ ባለቤቱ አዛውንት መካኒክም ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ሊፍት የላቸውም፤ በሲሚንቶ የተገነባ አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ረዳት ልጆች እና ግድግዳ ላይ በወግ የተሰቀሉ ቁልፎች ናቸው ያሏቸው። መኪናዋን አቁሜ ታሪኬን ልጀምር ስል እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «መምህር፣ ምን እንደተቀየረ በኋላ ይነግሩኛል፤ መጀመሪያ መቼ መቼ እንደምትጮህ ይንገሩኝ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ መካኒክ አልነበረም።

ጥያቄዎቻቸው ሦስት ነበሩ። ቀጥ ባለ ሻካራ መንገድ ላይ ትጮኻለች ወይ? ሲነሡ፣ ማርሽ ሲቀይሩ ወይም ፍሬን ሲይዙ ትጮኻለች ወይ? አንዱ ጎማ ብቻ ከፍ ሲል ወይም ሲጠመዝዙ ትጮኻለች ወይ? ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «የለም» ብዬ መለስኩ። «እንግዲያው ብራቾዎቹን ለጊዜው እንተዋቸው» አሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሥራቸውን አቁመው አስረዱኝ። የሰሙ ሁሉ ይጠቀሙበት ዘንድ እንደገባኝ አቀርበዋለሁ።

የዲኤክስ የኋላ ሁለት ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል የተያያዙ ናቸው። ያ አክስል ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው በሁለት ሞላ፣ በሁለት ሾካብዞርበር፣ ብራቾ በምንላቸው አራት የብረት ክንዶች እና በአንድ አግዳሚ ዘንግ ነው። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፤ ሾካብዞርበሩ የሞላውን መዝለል ይገታል፤ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች ያሉት ብራቾዎች አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ፣ መኪናው ሲነሣና ሲቆም በራሱ ላይ እንዳይዞር ይይዙታል፤ አንድ ጫፉ አክስሉ ላይ፣ ሌላው ጫፉ አካሉ ላይ የታሰረው አግዳሚ ዘንግ ደግሞ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ያደርጋል። በእያንዳንዱ ብራቾ ጫፍ እና በአግዳሚው ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ጎሚኒ፣ ማለትም ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገባ ጎማ፣ አለ፤ ሲደመሩ አሥር ይሆናሉ። ስለዚህ ድምፁ መኪናው ሽቅብ ቁልቁል ሲል ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሾካብዞርበሩንና ማሰሪያውን፣ ሲነሣና ሲቆም የሚመጣ ከሆነ ብራቾዎቹን፣ ወደ ጎን ሲወዛወዝ የሚመጣ ከሆነ አግዳሚውን ዘንግ መጠርጠር ይገባል ማለት ነው። በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ ሲነሡ «ቷ» የሚል ድምፅ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ በሚያደርሰው ዘንግ ላይ ካለው መታጠፊያ፣ ከክሮቼራም፣ ሊመጣ እንደሚችል፣ በፍጥነት መጠን እየጨመረ የሚሄድ ጉምጉምታ ደግሞ ጎማው ከሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እንጂ ከእግር እንዳልሆነ ጨምረው ነገሩኝ። የዲኤክስ ስቴሽን ዋገን ያለው ሰው ግን የእሱ የኋላ እግር በባሌስትራ (በተደራረበ ዝርግ ብረት ሞላ) የተሠራ ስለሆነ ፍለጋው ሌላ ነው።

ከዚያ ወደ ተግባር ገቡ። በመጀመሪያ የዕቃ መጫኛዋን ከፍተው መለዋወጫ ጎማውን፣ ክሪኩንና ቁልፎቹን ሁሉ አወጡ፤ ብዙ ሰው የእግር ድምፅ ብሎ የሚያመጣው ያልታሰረ ክሪክ ሆኖ ይገኛል አሉ። የማርሚታዋን ማንጠልጠያ ጎማዎች በእጃቸው ወዘወዙ። እኔ እየነዳሁ፣ እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ኮብልስቶኑን ሁለት ጊዜ ተመላለስንበት፤ በሁለተኛው ዙር ፍሬኑን በትንሹ ረግጬ እንድይዝ አዘዙኝ። ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ድምፅ ከሆነ ታምቡሩ ውስጥ የላላ የፍሬን ሸራ ይኖራል ማለት ነው። የእኔው አልጠፋም።

ግቢ ስንመለስ ያየሁትን አልረሳውም። ትልቁን ረዳት የኋላ ፓራውልቷ ላይ እንዲቀመጥና እንዲነሣ አደረጉት፤ መኪናዋ አንዴ ወርዳ አንዴ ወጥታ ጸጥ አለች፤ ይህም ሾካብዞርበሮቹ በደንብ እየሠሩ እንደሆነ ያሳያል። ከዚያ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጠው፣ የሾካብዞርበሩ የላይኛው ጫፍ ብቅ ያለበትን ቦታ አገኙና ጣታቸውን በግራው ዳዶ ላይ አሳርፈው ልጁን «ቀስ ብለህ ነቅንቃት» አሉት። ከዚያ እጄን ይዘው እሳቸው ጣታቸውን ባሳረፉበት ቦታ ላይ አኖሩልኝ። መኪናዋ በወረደች ቁጥር የዳዶው ጫፍ በጣቴ ሥር ሲደልቅ ተሰማኝ፤ በቀኝ በኩል ግን ምንም የለም። ለአራት ወር ያሳደደኝ «ኳ ኳ» በአንድ ጣት የሚዳሰስ ነገር ነበር።

ግራው ሲፈታ ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየ። ሾካብዞርበሩ አዲስ ነው፤ የላይኛውን ጫፉን ከላይና ከታች አቅፈው የሚይዙት ሁለት ጎሚኒዎች ግን አሮጌዎቹ ነበሩ። የታችኛው ዙሪያውን ተሰነጣጥቆ፣ በአንድ በኩል እስኪሳሳ ተላልጧል፤ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈር ነበር። ጎሚኒውን ጎድጓዳ ሆኖ አቅፎ መያዝ ያለበት ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባው ቀለበት ብረት) ተገልብጦ ነው የታሰረው፤ ስለዚህ ጎሚኒው በጠርዙ እየተቆረጠ ኖሯል። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚተወው ብርማ ቀለበት ይታይ ነበር። የሁለቱ ሳምንት ጸጥታም ትርጉሙ ያኔ ተገለጠልኝ፤ አዲስ የጠበቀው ዳዶ አሮጌውን ጎሚኒ ለጊዜው አጣብቆ ይዞት ነበር፤ ጎሚኒው ሲፈረፍር ክፍተቱ ተመለሰ። አሮጌዎቹን ሾካብዞርበሮች ሳልጥል ቤት አስቀምጬ ስለነበር በማግሥቱ አመጣኋቸው። አዛውንቱ አንድ በአንድ አቁመው ጎትተው ተጭነው፣ ዘይት አለማፍሰሳቸውንም ካዩ በኋላ ሁለቱም ገና የሚሠሩ እንደነበሩ ነገሩኝ። 9,000 ብሩ የወጣው ለማያስፈልግ ዕቃ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ስሰማ ከልብ አዝኛለሁ።

«ድው» የሚለው ድምፅ የተገኘው ከጉድጓዱ ውስጥ ነው። ልጆቹ የመኪናዋን የኋላ ጎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፉ አካሏ ከአክስሉ ቀድሞ ሲሄድ በዓይን ይታያል፤ በአካሉ በኩል ያለው የአግዳሚው ዘንግ ጎሚኒ መሃሉ ተቀድዶ ቡሎኑ በባዶ ይወዛወዝ ነበር። ከዚያ በኋላ አራቱን ብራቾዎች አንድ በአንድ በረጅም ብረት እየፈለቀቁ አዩ። ሰባቱ ጎሚኒዎች ደህና ነበሩ፤ የቀኙ የታችኛው ብራቾ የፊት ጎሚኒ ግን መሰንጠቅ ጀምሯል። «ይሄ ገና ነው፤ ዛሬ ገንዘብዎን አያውጡበት፤ ከስድስት ወር በኋላ መጥተው እናየዋለን» አሉኝ። ደንበኛ እጃቸው ላይ ገብቶ ሳለ እንዲህ ያሉ መካኒክ ሊመሰገኑ ይገባል።

ዕቃ ፍለጋው ሁለት ቀን ወሰደ። የሾካብዞርበሩ የላይኛው ጫፍ ጎሚኒዎች እዚሁ ማርቆስ ተገኙ፤ የአግዳሚው ዘንግ ጎሚኒ ግን ከባሕር ዳር በአውቶቡስ መምጣት ነበረበት። እስከዚያ ከከባድ መኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጎሚኒ ይግባ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር፤ አንዳንድ ቦታ እንደሚሠራ አውቃለሁ። እምቢ አሉ። የፋብሪካው ጎሚኒ መሃል ላይ ያለው የብረት ቱቦ ከጎማው ጋር በሙቀት የተጣበቀ በመሆኑ፣ ዘንጉ ሲንቀሳቀስ የሚጠመዘዘው ጎማው ራሱ ነው እንጂ ብረቱ በጎማው ውስጥ አይንሸራተትም። ተቆርጦ የተሠራው ግን ስለሚንሸራተት ሲደርቅ «ሲጥ» እያለ ይጮኻል፤ ቶሎም ያልቃል። ጠንካራ ከሆነው ከፖሊዩሬቴን የተሠራውም ዕድሜው ረጅም ቢሆንም የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ለኮብልስቶን አይመክሩትም። ከባሕር ዳር የመጣውን ጎሚኒ እኔው ፊት በጥፍራቸው ተጭነው፣ መልሶ መነሣቱን አይተው፣ ቱቦው ከጎማው መጣበቁን አረጋግጠው ተቀበሉ። አሮጌውን አስወጥቶ አዲሱን ለማስገባት ፕሬስ ስለሌላቸው ዘንጉን ቶርኖ ቤት ላኩት፤ በመዶሻ ደብድቦ ማስገባት ጎሚኒውን ከመጀመሪያው ቀን ይጎዳዋል ብለው።

ከሥራቸው ሁሉ ያስደነቀኝ የአጠባበቁ ነገር ነው። አዲሱን ሾካብዞርበር ከማሰራቸው በፊት እንደሚቆምበት ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ባዶው እስኪጠፋ ድረስ አምስት ጊዜ ያህል ሳቡት ተጫኑት፤ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የከረመ ሾካብዞርበር ውስጡ አየር ስለሚይዝ ይህ ካልተደረገ እሱም ራሱ ይንኳኳል። የአግዳሚውን ዘንግ ቡሎኖች ደግሞ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ሳለ በእጅ ብቻ አስገቡና ተዉአቸው። ከዚያ በአራት ጎማዋ ጉድጓዱ ላይ አቆሟት፤ ጥቂት ነቀነቋት፤ ዳዶዎቹን በቁልፍ ያጠበቁት በመጨረሻ፣ የራሷ ክብደት ጎማዋ ላይ አርፎ ሳለ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቆሞም ቢሆን ተወጥሮ ስለሚውል በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ለዚህ ሥራ አካሉን ይዞ ጎማውን አንጠልጥሎ ከሚያነሣ ሊፍት የሚሻለው በዚህ ነው፤ ሊፍት የለም ብዬ መጀመሪያ ንቄው የነበረውን ነገር ጥቅሙን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ተግሣጽም ተቀብያለሁ። መኪናዬን ባሳጠብኩ ቁጥር ከሥሯ ናፍጣ አስረጭ ነበር፤ ዝገት ይከላከላል ተብዬ። ናፍጣ ጎማን ያሳብጣል፣ ያላላዋል። ጎሚኒ ሲጮህ ቦታውን ለማወቅ የሳሙና ውኃ ረጭቶ ድምፁ መቀየሩን ማየት ይበቃል፤ ዘይትም ሆነ ግራሶ መቀባት አይገባም።

የእጅ ዋጋ 2,500 ብር፣ የቶርኖው 400 ብር፣ ጎሚኒዎቹ ከመላኪያው ጋር 1,900 ብር ወጣ፤ በጠቅላላው 4,800 ብር ማለት ነው። ለድምፅ ፍለጋው ብቻ ግማሽ ቀን ያህል ሠርተው ለብቻው ምንም አላስከፈሉኝም፤ እንደኔ ግን ሊያስከፍሉ ይገባ ነበር፤ ከሁሉ የላቀው ሥራ እሱ ነውና።

ጉድለታቸውን መደበቅ አልፈልግም። ዋጋውን ከመጀመሪያው ቁርጥ አድርገው አይናገሩም፤ ደረሰኝ የላቸውም፤ ስለዚህ ወጪውን ለመሥሪያ ቤቱ ማቅረብ ያለበት ሰው ይቸገራል። በሁለት ቀን ያልቃል የተባለው በአራተኛው ቀን አለቀ፤ ስልካቸው ሥራ ላይ ሳሉ አይነሣም፤ ሁለት ጊዜ በእግሬ ተመላልሻለሁ። ከረዳቶቹ አንዱ በግራሶ የተነካ እጁን የዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ላይ ጠርጎበት እስካሁን አልለቀቀም። ለሚቸኩል ሰው ይህን ጋራዥ አልመክርም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ግን እሳቸውም አይገቡም፣ ልጆቹንም አያስገቡም፤ ሁልጊዜ የብረት መቆሚያ ከሥር ይደግፋሉ። ይህን በሌሎች ጋራዦች ሁሉ ባየው እወድ ነበር።

ሥራው ያለቀው ጥቅምት ላይ ነው፤ አሁን መጋቢት ነው። በእነዚህ አምስት ወራት በከተማው ኮብልስቶን በየቀኑ፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ደጋግሜ፣ አንድ ጊዜም ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርጄ ተመልሻለሁ። በረሃው ውስጥ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ በተሸበሸበባቸው ቦታዎች፣ አራት ሰው ጭኜ፣ አንዱ ጎማ ወርዶ ሌላው ሲወጣ ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጫለሁ፤ ከኋላ የሰማሁት የጎማውን ሹክሹክታ ብቻ ነው። በውርጭ ማለዳ ከግቢ ሳወጣት ግን ከቀኝ በኩል አንዲት ቀጭን «ሲጥ» መሰማት ጀምራለች፤ አዛውንቱ ገና ነው ብለው የተዉት የብራቾው ጎሚኒ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ስነግራቸው ወደ ጉድጓዱ ወርደው አዩትና «ይዘውት የመጡት ጆሮ ጥሩ ነው፤ ጊዜው ደርሷል» አሉኝ። ጎሚኒው ከባሕር ዳር ታዟል፤ ቀጠሮዬም ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ነው።